የግንብ ቁልፍ በእመቤት እጅ፦ ከበባ ያዩ አራት የእንግሊዝ ግንቦች ለጎብኚ ሲመዘኑ

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የነበሩ ንግሥቶችና ወይዛዝርት በጦርነት ጊዜ እንዴት እንደኖሩ ለማየት ብሎ ግንብ ሊጎበኝ የሚነሣ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ። የተኙበት አልጋ፣ የለበሱት ቀሚስ፣ የተቀመጡበት ወንበር አይጠብቀውም። የቀረው በር፣ ቅጥር፣ ጉድጓድና ደረጃ ነው። ይህ ግን ብዙ አያስከፋም፤ ሥራቸው እዚያው ነበርና። ባል ሲዘምት ግንቡን የምትረከበው ሚስት ናት። በሩ የሚዘጋው በእሷ ቃል፣ እህሉ የሚሰፈረውም በእሷ ትእዛዝ ነው። ከበባ ደግሞ ከሰይፍ ይልቅ የስንቅ ነገር ነው። ስለዚህ ሊንከንን፣ ኦክስፎርድን፣ ኦዲያምንና ዶቨርን እዚህ የምንመዝነው በውበታቸው አይደለም። ጎብኚው በሩን፣ ጎተራውንና ቁልፉን የያዘችውን ሰው ማየት ይችላል ወይ? መለኪያው ይኸው ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአራቱ አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ሊንከንን ይምረጥ። ከለንደን ኪንግስ ክሮስ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ አንዳንዱ ጉዞ ኒውአርክ ላይ ባቡር ያስቀይራል። ጣቢያው ከከተማው ግርጌ፣ ግንቡ አናቱ ላይ ነው። በመካከል የሚወጣው መንገድ ስሙ ራሱ «ስቲፕ ሂል» ነው፤ ቀጥ ያለ ዳገት ማለት። የድንጋይ ንጣፉ ሲዘንብ ስለሚያንሸራትት ሶሉ ልሙጥ የሆነ ጫማ አይሆንም፤ ጉልበቱ የደከመ በአውቶቡስ ይውጣ። ግቢው ውስጥ መግባትና ቅጥሩ ላይ መውጣት ለየብቻ ናቸው፤ ትኬት የሚቆረጠው ለቅጥሩ፣ ለእስር ቤቱና ለሰነዱ ክፍል ነው። ቅጥሩ ላይ ሳይወጡ ሊንከንን አየሁ ማለት ከንቱ ነው። ሊፍት ስላለ ደረጃ የማይችል ሰውም ከቅጥሩ ከፊሉን ያያል፤ ዙሪያውን ሙሉ ለመዞር ግን ጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃዎች አሉ።

ቅጥሩ ላይ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ምዕራቡ በር ሂዱ። ግንቡ ሁለት ዋና በሮች አሉት፤ የምሥራቁ ወደ ከተማውና ወደ ካቴድራሉ፣ የምዕራቡ ከከተማው ውጭ ወደ ገላጣው አገር ይከፈታል። በ1217 ከተማውን የያዙት የፈረንሳዩ ልዑል ሉዊ ጦርና አብረውት ያመፁ የእንግሊዝ መሳፍንት ነበሩ። ግንቡን የያዘችው ኒኮላ ደ ላ ሄይ ናት፤ ዕድሜዋ ከ60 ያለፈ መበለት። ድንጋይ ወርዋሪዎቹ ቅጥሩን በከተማው በኩል ሲደበድቡ የምዕራቡ በር በእጇ ነበር። ይህ ማለት ረዳት ጦር ቢመጣ ከተማውን ሳያቋርጥ ሊገባላት ይችላል ማለት ነው። ሜይ 20 ቀን እንዲሁ ሆነ። ለልጁ ንጉሥ ለሄንሪ 3ኛ አገሩን ያስተዳድር የነበረው ዊልያም ማርሻል 406 ባላባት ፈረሰኞችና 317 ባለ መስቀለኛ ቀስተኞች ይዞ ከሰሜን ምዕራብ ደረሰ። ቀስተኞቹ በፎክ ደ ብሬዮቴ መሪነት በግንቡ በኩል ገቡና ቅጥሩ ላይ ተሰልፈው ከታች ያሉትን ፈረሶች መቱ። ፈረሱ የወደቀበት ባላባት በዚያ ጠባብ መንገድ ከባድ ጥሩር እንደለበሰ በእግሩ ቀረ። ምዕራቡ በር ላይ ቆማችሁ መጀመሪያ ወደ ውጭ፣ ቀጥሎ ዞራችሁ ወደ ካቴድራሉ ብታዩ፣ ያለ አስጎብኚም ውጊያው በየት መጥቶ በየት እንደሄደ ይገባችኋል።

ኒኮላ ግንቡን ያገኘችው በባሏ አይደለም፤ ባሏ ነው በእሷ ያገኘው። ሹመቱ የአባቷ የሪቻርድ ደ ላ ሄይ ነበር፤ እሱ በ1169 ሲሞት ወንድ ልጅ ስላልነበረው ለእሷ ደረሰ። የመጀመሪያ ከበባዋ በ1191 ነው። ንጉሥ ሪቻርድ ለመስቀል ጦርነት በሄደበት ጊዜ አገሩን ያስተዳድር የነበረው ዊልያም ሎንግሻምፕ ግንቡን ሊቀማ መጣ። ባሏ ጄራርድ ደ ካምቪል ከልዑል ጆን ጋር ኖቲንግሃም ነበር፤ እሷ ግን 40 ቀን ያህል አላስገባውም። ቁጥሩ ትርጉም አለው። አንድ ባላባት ለጌታው ያለ ክፍያ የሚዘምተው በልማድ 40 ቀን ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ከበባ ለከባቢው በየቀኑ ወጪ ነው። ለስድስት ሳምንት የሚበቃ እህል ያላት እመቤት ታዲያ ጠላቷ ገንዘቡን ሲቆጥር ተቀምጣ ታየዋለች። የዘመኑ አንድ ጸሐፊ «እንደ ወንድ ተከላከለች» ብሎ ጽፎላታል፤ ማመስገኑ ነው፣ ሌላ ቃል አላገኘም።

ንጉሥ ጆን በ1216 ሊንከን ሲመጣ ኒኮላ የግንቡን ቁልፎች ይዛ ወጥታ «አርጅቻለሁ፣ ተረከቡኝ» አለችው፤ እሱም «ያዢው» ብሎ መለሰላት። ኦክቶበር 18 ቀን፣ ሊሞት ሰዓታት ሲቀሩት፣ የሊንከንሻየር ሸሪፍ አድርጎ ሾማት፤ ግብር ሰብሳቢ፣ ዳኛና ጦር አዛዥ በአንድ ላይ መሆን ነው። ከዚያ የሆነውን አብዛኛው ጎብኚ ሳይሰማ ይወጣል። ከ1217ቱ ድል አራት ቀን በኋላ ሹመቱ ተነጥቆ ለአዲሱ ንጉሥ ለሄንሪ 3ኛ አጎት ለዊልያም ሎንግስፔ ተሰጠ። እሷ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዳ ተከራከረች፣ ግንቡም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ተመለሰላት፤ እስከ 1226 ድረስም ለቃ አልወጣችም። የሞተችው በ1230 በስዋተን ነው። ለከበባ የሚሆን እህል ነበራት፤ ለወዳጅ ቅሚያ ግን የሚያስፈልገው ፍርድ ቤት የሚሰማው ምላስ ነበር።

ድሉ ለሁሉም ሴት ድል አልነበረም። አሸናፊዎቹ ከተማውን ዘረፉ። ልጆቻቸውንና ዕቃቸውን ይዘው በትንንሽ ጀልባዎች ሊሸሹ የሞከሩ የከተማዋ ሴቶች ጀልባዎቹ ከልክ በላይ ስለተጫኑ፣ መቅዘፉንም ስላልለመዱ ወንዙ ውስጥ ሰጠሙ። ዊዛም ይባላል፤ ከጣቢያው ወደ ላይ ስትወጡ የምትሻገሩት እሱን ነው።

ሉሲ ማማ የሚባለው ጉብታ ላይ ያለው ክብ መሰል ግንብ ስሙን ያገኘው ከቼስተር ኧርል (መስፍን) ሚስት ከሉሲ ነው። የሉሲ ልጅ ራኑልፍ በ1140 መጨረሻ ሊንከንን የወሰደው በሴቶች ጥየቃ ተከልሎ ነው። የእሱና የወንድሙ ሚስቶች የግንቡን ሹም ሚስት ሊጠይቁ ገብተው ሲጫወቱ፣ ራኑልፍ ጥሩር ሳይለብስ፣ ሚስቱን ሊወስድ የመጣ መስሎ ሦስት ሰው አስከትሎ ገባ። ውስጥ ከገባ በኋላ በእጁ ያገኘውን መሣሪያ ነጥቆ ዘበኞቹን አስወጣ። ከበባ ባልተጀመረበት ቀን የግንብ ደካማው ቦታ የእንግዳ በር ነው። ሂሳቡን የከፈለችው ሚስቱ ማቲልዳ ናት፤ ከሌላዋ ማቲልዳ፣ ኦክስፎርድ ላይ ከምናገኛት እቴጌ፣ ጋር ስለ ዘውድ ይዋጋ የነበረው ንጉሥ ስቲቨን ሲመጣ ራኑልፍ አምልጦ እሷ ውስጥ ተከበበች። አባቷ የግሎስተሩ ሮበርት ሊያስጥላት ደረሰ፤ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1141 ንጉሡ ራሱ ከግንቡ ሥር ተማረከ። አንዲት ሚስት መያዣ ሆና መቅረቷ የጦርነቱን ሚዛን ገለበጠ።

ሊንከን ላይ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው በ19ኛው መቶ ዘመን እስር ቤት ውስጥ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ለዚህ ጉዳይ ምንም አይሰጥም፤ ለመጨረሻ አቆዩት። ኦብዘርቫቶሪ ታወር የሚሉት ማማ አናቱ ላይ ያለው ቀጭን ክብ ክፍል የአንድ የእስር ቤት ኃላፊ የከዋክብት መመልከቻ ስለነበረ ኒኮላን እዚያ አታቁሟት። ኮብ ሆል የሚባለው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ማማም የ13ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው፤ በ1191 አልነበረም። ሉሲ ማማ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ድንጋዮችም የተሰቀሉ እስረኞች መቃብር ናቸው፤ የከበባ ሰለባዎች የሚመስሏቸው አሉ።

የማይታለፈው የሰነዱ ክፍል ነው። ንጉሥ ጆን ለመሳፍንቱ የሰጠው የመብት ሰነድ፣ በ1215 ከተጻፈው ማግና ካርታ፣ ከቀሩት አራት ቅጂዎች አንዱ እዚህ አለ። ክፍሉ ብራናውን ለመጠበቅ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ዓይን እስኪለምድ ጥቂት ቁሙ። ጽሑፉ ላቲን ነው፣ ያለ አንቀጽ ቁጥር እንደ አንድ ጨርቅ ተያይዟል፤ ቁጥሩ በኋላ የወጣ ነው። የምትፈልጉት 7ኛውና 8ኛው ከላይ አካባቢ ናቸው። 7ኛው፣ መበለት ባሏ እንደሞተ ጥሎሿንና ውርሷን ያለ ክፍያ እንድታገኝ፣ የመበለት ድርሻዋ እስኪለይ 40 ቀን በባሏ ቤት እንድትቀመጥ ይፈቅዳል። 8ኛው፣ ያለ ባል መኖር የፈለገች መበለት በግድ እንዳትዳር ይከለክላል፤ ሆኖም ያለ ጌታዋ ፈቃድ ላለማግባት ዋስ ትጠራለች። ባላባት በየጦር ሜዳው በሚወድቅበት ዘመን እነዚህ መስመሮች የስንቱን ቤት ዕጣ እንደሚወስኑ ቀጥሎ በኤሊኖር ላይ ታያላችሁ።

ኦክስፎርድ ሌላ ዓይነት ጉብኝት ነው። ዋናው ክፍል በሰዓት በተቆረጠ ትኬት፣ በቡድን፣ በአስጎብኚ የሚታይ ስለሆነ ያሰኛችሁ ቦታ ቆማችሁ ለመቆየት አይመችም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ማማ 101 ደረጃ አለው፤ ላይ ስትደርሱ የአየሩ ሁኔታ ጥሩ ከሆነ ከተማው ሁሉ ከእግራችሁ ሥር ነው። ከሥር ያለው የጸሎት ቤት ምድር ቤት ትንሽ ሆኖ ከሁሉ የቆየ ስሜት ይሰጣል። ቀሪው እስከ 1996 እስር ቤት የነበረ ሕንፃ ነው።

እዚህ የተከበበችው እቴጌ ማቲልዳ ናት፤ የንጉሥ ሄንሪ 1ኛ ልጅ፣ ዘውዱ ይገባኛል ያለች። (በዚያ ጦርነት ማቲልዳ ያልተባለች እመቤት ማግኘት ይከብዳል፤ የተቃዋሚዋ የስቲቨን ንግሥትም ማቲልዳ ናት።) ስቲቨን ከምርኮ ተለቅቆ በሴፕቴምበር 1142 መጨረሻ ከተማውን አቃጥሎ ግንቡን ከበበ። ወንድሟ የግሎስተሩ ሮበርት ኖርማንዲ ነበር፤ ሲመለስ ስቲቨን ኦክስፎርድን ትቶ እንዲመጣ ብሎ የዌርሃምን ወደብ ከበበ፣ ስቲቨን ግን አልተነቃነቀም። ሦስት ወር ገደማ ሲሆን እህሉ አለቀ። የገና በዓል ሲቃረብ ወንዙ በረዶ ሠራ። ውኃ ጥሩ መከላከያ የሚሆነው እስኪረጋ ድረስ ብቻ ነው፤ ሲረጋ ለሁለቱም ወገን መንገድ ይሆናል፣ ቀድማ የተጠቀመችበት እሷ ናት። ሦስት ወይም አራት ባላባቶች አስከትላ፣ በረዶው ላይ እንዳትታይ ነጭ ለብሳ፣ በሌሊት በጠላት ዘቦች መካከል አልፋ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሯ እስከ አቢንግደን ሄደች፤ ከዚያ በፈረስ ዎሊንግፎርድ ገባች። አንዱ ዜና መዋዕል ከማማ በገመድ ወረደች ይላል፣ ሌላው በትንሽ የጓሮ በር ወጣች። የቅዱስ ጊዮርጊስ ማማ ያኔ ቆሞ ስለነበር አስጎብኚዎች ገመዱን ቢወዱ አይገርምም፤ ለሎሌ በር ግን ትኬት ማን ይቆርጣል። ግንቡ እሷ እንደወጣች እጅ ሰጠ። ለጉብኝቱ መካከለኛ ነጥብ ይበቃዋል፤ መሬቱ በሕንፃ ስለተሸፈነ ወንዙና ግንቡ በምን እንደሚገናኙ ለማየት ወጥታችሁ ጅረቱን ተከትላችሁ መዞር አለባችሁ።

ኦዲያም በዓይን ብቻ ከተመዘነ በሩብ ሰዓት ያልቃል። ሃምፕሻየር ውስጥ፣ ከኖርዝ ዎርንቦሮ በቤዚንግስቶክ ቦይ ዳር በእግር የሚደረስ ስምንት ማዕዘን የግንብ ፍርስራሽ ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ውጫዊው ጥርብ ድንጋይ ተነቅሎ ተወስዶ የቀረው ውስጡ ነው። ክረምት ላይ የቦዩ ዳር ጭቃ ስለሆነ ቦት ጫማ ያስፈልጋል። ታዲያ ለምን ይኬዳል? የዚህ ቤት የወጪ መዝገብ ስላለ ነው። ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ኦገስት 29 ቀን 1265 የእመቤቲቱ ቤት በየቀኑ የበላውና የጠጣው በብራና ጥቅልል ተጽፎ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። እመቤቲቱ ኤሊኖር ደ ሞንፎርት ናት፤ የንጉሥ ጆን ልጅ፣ የሄንሪ 3ኛ እህት፣ በንጉሡ ላይ የተነሣው የሲሞን ደ ሞንፎርት ሚስት። በልጅነቷ ተድራ በ16 ዓመቷ የዚያው የዊልያም ማርሻል ልጅ መበለት ሆነች፤ በአየርላንድና በዌልስ ለነበራት የመበለት ድርሻ የተቆረጠላት በዓመት 400 ፓውንድ በዝቷል ብላ አታውቅም፣ ክርክሩም አሥርት ዓመታት ፈጀ።

መዝገቡ ዕለቱን በዘርፍ ይከፍላል፤ እህል፣ ወይን፣ ቢራ፣ ማድቤት፣ ፈረስ ቤት። በዐቢይ ጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለሌሉ ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ በየቀኑ በመቶዎች ይቆጠራል። ቢራው ያኔ ጌሾ መሰል ማቆያ ስላልነበረው በቀናት ውስጥ ይበላሻል። ስለዚህ ጠመቃው አይቋረጥም፣ ውኃና ማገዶ ይፈልጋል፤ የተከበበ ግንብ ቀድሞ የሚያጥረው ማገዶ የሚሆነውም በዚህ ነው። ከሰው ይልቅ ጎተራ የሚያራቁተው ግን ፈረስ ነው። ለአንድ ፈረስ በሌሊት ግማሽ ቡሼል፣ 18 ሊትር ገደማ አጃ ብንይዝ፣ 50 ፈረስ በሌሊት 25 ቡሼል፣ በ40 ቀን 1,000 ቡሼል ይፈጃል። እመቤቲቱ የእንግዳውን ፈረስ በቁጥር የምታስመዘግበው ለዚህ ነው፤ ከበባ ሲቀርብም መጀመሪያ ከግንብ የሚወጡት ፈረሶቹ ናቸው። የመልእክተኞቹ ቅጽል ስም ሳይቀር ተጽፏል፤ አንዱ «ጎቢትሄስቲ» ይባላል፣ ቶሎ ሂድ እንደማለት ነው።

ሜይ 28 ቀን 1265 የንጉሡ ልጅ ኤድዋርድ ሲሞን ካሰረው እስር አመለጠ፤ ኤሊኖር በጁን መጀመሪያ ኦዲያምን ለቃ ወደ ዶቨር ተጓዘች። ምክንያቱ ከቦታው ይነበባል። ኦዲያም ሜዳ መካከል ያለ መኖሪያ ነው፤ ዶቨር ባሕሩን ይዟል፣ በጭንቅ ጊዜ ከኋላው መውጫ አለው። መንገድ ላይም ሆነ ዶቨር ደርሳ የወደብ ከተሞቹን ነጋዴዎች፣ የዊንቸልሲንና የሳንድዊችን ሰዎች፣ ግብር እያበላች ያዘቻቸው። ምግቡ መዝገቡ ላይ ወጪ ሆኖ ይታያል፤ እሷ ግን መርከብ ነው የገዛችበት።

ዶቨርን ለመጎብኘት ሙሉ ቀን ያዙ። ከባቡር ጣቢያው ዳገት ነው፤ ግቢው ራሱም ሰፊና አቀበታማ። ብዙ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋሻዎች ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀኑን ስለሚጨርስ እናንተ ጠዋት ታላቁን ማማ አስቀድሙ። ሄንሪ 2ኛ በ1180ዎቹ የሠራው ሲሆን ግድግዳው በአንዳንድ ቦታ ከ6 ሜትር በላይ ይወፍራል። ውስጡ በ2009 በዘመኑ ቀለምና ዕቃ ታድሶ ቀርቧል፤ ማድቤት፣ አዳራሽ፣ የንጉሥ ክፍል አለ። ቀለሙ ደማቅ መሆኑ የሚያስደነግጣቸው ጎብኚዎች አሉ፣ ግን ትክክል ነው፤ ግራጫው ድንጋይ የጊዜ ሥራ እንጂ የዘመኑ ምርጫ አይደለም። ጉድለቱ፣ የሚያሳየው የንጉሡን ግብዣ እንጂ የ1265ን ጭንቀት አለመሆኑ ነው። አንድ ነገር ግን ፈልጋችሁ እዩ፤ የውኃው ጉድጓድ አፉ የሚከፈተው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ግቢው ቢያዝ እንኳ ማማው ውስጥ ያለ ሰው ውኃ አያጣም።

ይህ ለኤሊኖር መልሶ ጠላት ሆነባት። ባሏና ትልቁ ልጇ ሄንሪ ኦገስት 4 ቀን ኢቭሻም ላይ ተገደሉ። እሷ እስከ ኦክቶበር ያዘች፤ ኤድዋርድ በውጭ ሲከባት በታላቁ ማማ የታሰሩት የንጉሡ ወገን ባላባቶች ማማውን ከውስጥ ያዙት። ቅጥሩ፣ በሩና እህሉ በእጇ ሆኖ የመጨረሻው መሸሸጊያ የእስረኞቿ ሆነ። እስረኛን በግንቡ ጠንካራ ክፍል ማስቀመጥ ከማምለጥ ያግዳል፤ ከተነሣ ግን የግንቡን ልብ ይሰጠዋል። ኤሊኖር ተደራደረች፤ ለራሷ መውጫ፣ ለአገልጋዮቿም ምሕረት አስገኝታ ዶቨርን ለወንድሟ ልጅ አስረከበች።

ከማማው ጣሪያ ጥርት ባለ ቀን የፈረንሳይ ዳርቻ ይታያል። ነፋሱ ስለሚከብድ ኮፍያችሁን ያዙ። በኦክቶበር መጨረሻ የተሻገረችው በዚያ ነው፤ በሞንታርጂ ገዳም ገብታ በ1275 ሞተች፣ የሄሪንጉና የአጃው መዝገብም እዚያው ገዳም ውስጥ ከ500 ዓመት በላይ ተቀምጦ ቆየ።